ከመኖሪያ ቤት ጋር ስለሚሠራ የሥራ ክፍል
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ከመካከላችን ብዙዎች በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለን ለመጀመሪያ ጊዜ የቤት ባለቤት ለመሆን በቅተናል። መሐንዲስ ቤት ሲያገኝ ዐይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በሳሎኑ ላይ ሳይሆን ከግቢው ጥግ ባለችው የሰርቪስ ክፍል ወይም በመኪና ማቆሚያው ላይ መሆኑን ከብዙዎቻችሁ ጋር ስጨዋወት ተረድቻለሁ። የዛሬው ንግግሬም ይህችን ክፍል የሥራ ቦታ ስለ ማድረግ ነው። ለምሳሌነት የመረጥሁት የምኖርበትን ጉለሌን ነው፤ ቤትንና የሥራ ቦታን አንድ ላይ ማኖር በጉለሌ አዲስ ነገር አይደለምና።

በሽሮ ሜዳ፣ ከጋሞ ደጋ በመጡ ቤተሰቦች ዘንድ፣ የሸማኔው ጉድጓድ ብዙ ጊዜ የሚቆፈረው በዚያው በመኖሪያው ክፍል፣ ብርሃን በሚገባበት በኩል ነው። ሸማኔው እግሩን ወደ ጉድጓዱ ሰድዶ፣ ድሩን በፊቱ ዘርግቶ መወርወሪያውን ሲያመላልስ ሕፃን ከአጠገቡ ሊተኛ ይችላል። ወደ ቀጨኔ ስንሻገር ደግሞ ሸክላ ሠሪዎቹ እናቶች ጭቃውን በቤታቸው ያበጁትና ለመተኮስ ሲሆን ወደ ውጭ ያወጡታል። ከዚህ የምንረዳው ሕግ ግልጥ ነው፤ አንድ ሥራ በቤት ውስጥ ይሠራ ወይስ ይውጣ የሚለው የሚወሰነው በመሣሪያው ትልቅነት ሳይሆን ከሥራው በሚወጣው ነገር፣ ማለትም በእሳቱ፣ በጢሱ፣ በአቧራውና በድምፁ ነው።

ይህን ሕግ ከሸማኔና ከሸክላ ሠሪ ለመማር የሚያፍር ቢኖር፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሙያው ምክንያት መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸውን ያስታውስ። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዲፕሎማ ይዞ ሞረድ መያዝን የሚንቅ ሰው ግን ዛሬም በመካከላችን አይጠፋም።

ሕጉን ወደ እኛ ክፍል ስናመጣው፣ መሮ፣ መላጊያ፣ ሞረድና የሬዲዮ ጥገና በውስጥ ሊቆዩ ይችላሉ። ብየዳ፣ ግራይንደር፣ የሚረጭ ቀለምና የቺፑድ ቈረጣ ግን መውጣት አለባቸው። በተለይ ግራይንደርን ሰዎች እንደ ቀላል ነገር ያዩታል። ከእርሱ የሚፈናጠረው ፍንጣሪ ብዙ ሜትር ይሄዳል፤ በመጋዝ ዱቄት ወይም በአሮጌ ጨርቅ ውስጥ ከገባም ሳይነድድ ለሰዓታት ሲጤስ ቆይቶ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ሊነሣ ይችላል። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ኮርኒሱም ጨርቅ በሆነበት ቤት ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለእናንተ ማብራራት አያስፈልገኝም። በጋራ መኖሪያ ሕንጻ ለሚኖሩ ባልደረቦቼ ደግሞ የሚወጡበት የግል ግቢ ስለሌላቸው ከእጅ መሣሪያ ባያልፉ እመክራለሁ።

ወደ ኤሌክትሪኩ ልለፍ። ተራ የመኖሪያ ቤት መስመር ባለ አንድ ፌዝ፣ 220 ቮልት ነው። ባለ 16 አምፔር ሶኬት የሚሸከመው ቢበዛ 3,520 ዋት ሲሆን፣ ሞተር በሚነሣበት ቅጽበት ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ የሚደርስ ከረንት ይስባል። ስለዚህ ከሳሎን ሶኬት ገመድ እየጎተቱ መሥራት ቀርቶ ለክፍሉ የራሱ ብሬከር ያለው መስመር ከዋናው ሳጥን መሳብ ይገባል። ከዚህም የሚብሰው ግራውንድ የምንለው የመሬት ሽቦ ጉዳይ ነው። በአሮጌ ቤቶች የሶኬቱ የግራውንድ ብረት ከፊት እየታየ ከጀርባው ከምንም ነገር ጋር ሳይያያዝ ይገኛል። በመሬት ውስጥ የሚቀበረው ዘንግ ጥሩ መሆን አለመሆኑ የሚለካውም አፈሩ በደረቀበት በጥር ወይም በየካቲት እንጂ በነሐሴ ጭቃ አይደለም፤ እርጥብ አፈር ደካማውን ሥራ ደኅና ያስመስለዋልና። በዚህ ላይ 30 ሚሊ አምፔር ወደ መሬት ሲያፈተልክ መስመሩን የሚቈርጥ ማቋረጫ ይጨመርበት። ወጪው የሚበዛበት ሰው መሰርሰሪያውን መግዛት ያቈይ።

ስለ ከፍታም ጥቂት ልበል፤ በጉለሌ ላይ የተለየ የሚሆነው እርሱ ነውና። ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ሰፈራችን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ነው፤ የአየሩ እፍግታ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአራቱ ሦስቱን እጅ ያህል ብቻ ነው። በሞተር ላይ የምናነበው ጉልበት ደግሞ፣ ሌላ ካልተጻፈበት በቀር፣ ከ1,000 ሜትር ለማይበልጥ ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሚደርስ የአካባቢ ሙቀት የተሰጠ ነው። ስሱ አየር ሞተሩን በደንብ ስለማያቀዘቅዘው፣ እንደ ተለመደው ስሌት ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 100 ሜትር አንድ ዲግሪ ያህል ብንቀንስ፣ የሙቀቱ ገደብ በእኛ ዘንድ ወደ 25 ዲግሪ ይወርዳል። የእንጦጦ ብርድ ዕዳውን ይከፍልልናል ማለት ነው። ይህ ግን በጥላ ውስጥ እውነት ሲሆን፣ በበጋ እኩለ ቀን ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር አይሠራም። ስለዚህ ለዚያች ክፍል ኮርኒስና ከላይና ከታች የአየር መግቢያ የቅንጦት ነገር አይደሉም። የአየር መጭመቂያም በርሜሉን ለመሙላት ይዘገያል፤ ተርቦ የሌለው ጄኔሬተርም ከጉልበቱ ወደ ሩብ የሚጠጋ ሊያጣ ይችላል። ጄኔሬተርን በክፍሉ ውስጥ ማስነሣት ግን በማናቸውም ከፍታ ገዳይ ነው፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በተኛ ሰው ላይ ማስጠንቀቂያ አይሰጥምና።

ስለ ውሃ የምለው አጭር ነው። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከተራራው የሚመጣ ስለሆነ፣ ቦዩ ከክፍሉ በላይኛው በኩል ይቈፈር፤ ወለሉም ከግቢው ከፍ ይበል።

መሣሪያን በተመለከተ አዲስና ርካሽ ከሚባለው ይልቅ በመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚገኘውን አሮጌና ከባድ እመርጣለሁ። ሞርሳ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ የሚሉት ስሞች ከጣልያንኛ እንደ ገቡ ሁሉ፣ አንዳንዱ ሞርሳም ዕድሜው ከእኛ ይበልጣል። ከመግዛት በፊት መንጋጋዎቹን ገጥሞ ወደ ብርሃን ማየት፣ ጥርሱን እስከ ጫፍ ድረስ ማዞር፣ በመዶሻም ቀስ ብሎ መታ አድርጎ ማድመጥ ያስፈልጋል፤ የተሰነጠቀ ብረት ድምፁ ይታፈናል። ከጠረጴዛው ላይ ሲታሰርም አፉ ከሚሠራበት ሰው ክርን ጋር ትክክል ይሁን።