ፈንዱ የየት አገር ነው?



ጥቂት ጥሪት የቋጠረ ወገናችን ሁሉ ዛሬ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «ከእነዚህ ሁለት ፈንዶች የቱ ይሻለኛል?» ይላል። መልሱንም ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ካለፈው ዓመት የትርፍ ሰንጠረዥ ነው። እኔ ግን ጠያቂው የት አገር እንደሚኖርና የማን ዜጋ እንደሆነ ሳይታወቅ ጥያቄው መልስ የለውም ባይ ነኝ።

ለማሳያ ሁለት ፈንዶች ብቻ እወስዳለሁ። አንደኛው ቪ.ኦ.ኦ በሚል ምልክት ኒውዮርክ የሚገበያየው የቫንጋርድ ፈንድ ነው። ሁለተኛው አየርላንድ ተመዝግቦ ለንደን ላይ ሲ.ኤስ.ፒ.ኤክስ በሚል ምልክት የሚሸጠው የብላክሮክ ፈንድ ነው። ሁለቱም የተቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሆን፣ ሁለቱም የሚከተሉት ኤስ ኤንድ ፒ 500 የተባለውን የታላላቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ኢንዴክስ ነው። አፕልም ሆነ ማይክሮሶፍት በሁለቱም ውስጥ ያላቸው ድርሻ አንድ ነው ማለት ይቻላል። ጤፉ የአንድ ማሳ ነው፤ የተለያየው ወፍጮ ቤቱ ነው።

የአስተዳደር ክፍያቸውን ያየን እንደሆነ፣ ቪ.ኦ.ኦ በዓመት 0.03 በመቶ፣ ሲ.ኤስ.ፒ.ኤክስ 0.07 በመቶ ያስከፍላሉ። ለ10,000 ዶላር 3 ዶላርና 7 ዶላር መሆኑ ነው። አብዛኛው ሰው ንጽጽሩን እዚህ ላይ ይጨርሳል፤ ሜሪላንድ ያለው የአጎት ልጅም ዱባይ ላለው ዘመዱ ስልክ ደውሎ «ርካሹን ግዛ» ይለዋል። ምክሩ ለመካሪው ልክ ነው።

ለዱባዩ ሰው ግን ሌላ ሒሳብ አለ። የአሜሪካ ሕግ ዜጋም ነዋሪም ላልሆነ ሰው ከሚከፈል የትርፍ ድርሻ ላይ 30 በመቶ ከምንጩ ይቆርጣል። አገሩ ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት ካለው መጠኑ ይቀንሳል፤ ኤምሬትስና ሳዑዲ እንዲህ ያለ የገቢ ግብር ስምምነት የላቸውም። አየርላንድ ግን አላት፤ በስምምነቱም መሠረት የአየርላንዱ ፈንድ የሚቆረጥበት 15 በመቶ ብቻ ነው። አየርላንድ ደግሞ በበኩሏ ከውጭ አገር ባለድርሻ ላይ ተጨማሪ አትወስድም።

የትርፍ ድርሻው በዓመት 1.3 በመቶ ነው ብለን እናስላ። ከ10,000 ዶላር 130 ዶላር ይመጣል። ቪ.ኦ.ኦን የያዘው የዱባይ ነዋሪ ከዚህ ላይ 39 ዶላር ይቆረጥበታል፤ ክፍያው ሲደመር ወጪው 42 ዶላር ይሆናል። ሲ.ኤስ.ፒ.ኤክስን የያዘው 19 ዶላር ከ50 ሳንቲም ተቆርጦበት፣ ከክፍያው ጋር 26 ዶላር ከ50 ያወጣል። ርካሹ ፈንድ ተወደደ ማለት ነው። ይህች 15 በመቶ በሒሳብ መግለጫው ላይ አትታይም፤ የምትቆረጠው ገንዘቡ ፈንዱ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ነው።

ከዚህ የሚከብደው የውርስ ግብር ነው። አሜሪካዊም የአሜሪካ ነዋሪም ያልሆነ ሰው ሲሞት፣ አሜሪካ ውስጥ እንዳለ ከሚቆጠረው ንብረቱ ከ60,000 ዶላር በላይ ያለው እስከ 40 በመቶ በሚደርስ መጣኔ ግብር ሊጣልበት ይችላል። የቪ.ኦ.ኦ ድርሻ ከዚሁ ንብረት ይመደባል፤ ገንዘቡ የተገኘው ዱባይ ተለፍቶ መሆኑ ነገሩን አይለውጠውም። የአየርላንዱ ፈንድ ከዚህ ውጪ ነው። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ይህን አንድ ነጥብ ከትርፍ ሰንጠረዡ ሁሉ ማስቀደም አለበት እላለሁ።

አሁን ወደ ሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ እንሻገር። እዚያ የሚኖረው ግሪን ካርድ ያለው ወገናችን ይህን ሰምቶ የአየርላንዱን ቢገዛ ይጎዳል። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው የግብር ሕግ፣ የውጭ ፈንድ የያዘ አሜሪካዊ ግብር ከፋይ በተለየ ዐይን ይታያል። ሲሸጥ ትርፉ በከፍተኛው የገቢ ግብር መጣኔ ሊሰላበት፣ ወለድም ሊታከልበት ይችላል፤ 8621 የሚባለውን ቅጽ መሙላትም አለበት። ለእርሱ የሚሻለው ቪ.ኦ.ኦ ነው። ዱባይ የሚሠራ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊም ቢሆን ፓስፖርቱ ይከተለዋል፤ ሒሳቡ የሲልቨር ስፕሪንጉ ነው።

በስልክ ላይ የሚታየው የዋጋ ግራፍም ያሳስታል። ቪ.ኦ.ኦ የትርፍ ድርሻውን በየሦስት ወሩ ያከፋፍላል፤ ባከፋፈለ ቁጥር ዋጋው በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ሲ.ኤስ.ፒ.ኤክስ አያከፋፍልም፤ መልሶ አክሲዮን ይገዛበታል። ሁለቱን ግራፎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የአየርላንዱ ያሸነፈ ይመስለዋል። ማነጻጸር ያለበት የትርፍ ድርሻው የተካተተበትን ጠቅላላ ውጤት ነው።

ፈንዱ የየት አገር እንደሆነ ለማወቅ አዋቂ ፍለጋ መሄድ አያሻም። እያንዳንዱ ፈንድ ዐሥራ ሁለት ፊደልና አኃዝ ያለው መለያ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት የተመዘገበበትን አገር ይናገራሉ። የቪ.ኦ.ኦ በ«ዩ.ኤስ»፣ የሲ.ኤስ.ፒ.ኤክስ በ«አይ.ኢ» ይጀምራል። ኒውዮርክ ወይም ለንደን መሸጡ ብቻ ይህን አይነግረንም።

በመጨረሻ ዱባይ ሆኖ ዲቪ የደረሰውን ሰው ላንሳ። የአየርላንዱን ፈንድ እንደያዘ አሜሪካ ከገባ ከላይ ያነሳሁት የ1986ቱ ሕግ ይጠብቀዋል። የአውሮፕላን ትኬቱን ከመቁረጡ በፊት የግብር ባለሙያ ያማክር፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠውም ምክር ገና የኤምሬትስ ነዋሪ ሳለ ሸጦ፣ ከገባ በኋላ የአሜሪካውን እንዲገዛ ነው።