ከአንድ ማብሪያ የተማርኩት፦ የጆይስቲክ ሥራና የቤተ ሙከራ ዕውቀት

(ለፋኩልቲው ማኅበረሰብ በቃል ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)



የዚህ ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ማግስት አንድ ባልደረባዬ በመንገድ አግኝቶኝ «ዶክተር፣ በዚህ ዕድሜህ ጨዋታ ልታስተምረን ነው?» ብሎኝ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴም አዎን፣ በከፊል፣ የሚል ነው። ከፊቴ ጠረጴዛ ላይ የምታዩት ሣጥን በእጄ የሠራሁት የቆዩ የቪዲዮ ጨዋታዎች መጫወቻ ጆይስቲክ ነው። ይሁን እንጂ ወደዚህ መድረክ ያመጣኝ ሣጥኑ ሳይሆን እሱን ስሠራ በራሴ ላይ ያገኘሁት ስሕተት ነው።

ለሦስተኛ ዲግሪዬ ጃፓን በነበርኩበት ጊዜ፣ ከቤተ ሙከራ አምሽቼ ስወጣ በመንገዴ ላይ አንድ የጨዋታ አዳራሽ ነበር። መቶ የን እየከፈልኩ እጫወት ነበር። ትዝ የሚለኝ ከምስሉ ይልቅ እጄ ላይ የሚሰማኝ ነገር ነው፤ ዱላው ሲገፋ የሚያሰማው ቀጭን ጠቅታ፣ ቁልፉ ሲጫኑት የሚሰጠው መልስ። ዛሬ እነዚያን ጨዋታዎች ተራ ኮምፒውተር ያጫውታል። ጠቅታው ግን በኮምፒውተር የጽሕፈት ቁልፎች ላይ የለም። ስለዚህ ልሠራው ወሰንኩ።

የዕቃው አሠራር ቀላል ነው። ከዱላው ሥር በአራት አቅጣጫ አራት ማይክሮስዊቾች ተቀምጠዋል። ዱላው ከመካከል ላይ ስለሚዞር የላይኛው ጫፍ ወደ ፊት ሲሄድ የታችኛው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ወደ ላይ ስንገፋ የሚጫነው በታች በኩል ያለው ማብሪያ ነው። ይህን የማንሻ ሕግ ለዓመታት ያወቅሁ ሰው ሆኜ ሳለ፣ መጀመሪያ ገመዶቹን ሳገናኝ ላይና ታቹን አገላብጬ ነበር። በሁለት አቅጣጫዎች መካከል ሲገፋ ደግሞ ሁለት ማብሪያዎች አብረው ይጫናሉ፤ አራት ማብሪያ ስምንት አቅጣጫ የሚሰጠውም በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ፓክማን የሚፈልገው አራት አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ፣ የዱላውን እንቅስቃሴ የሚገድበው ካሬ ሰሌዳ 45 ዲግሪ ይዞርና ማዕዘኖቹ በአራቱ አቅጣጫዎች ላይ እንዲውሉ ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ስትሪት ፋይተር ሁለት ግን ስምንቱንም አቅጣጫ ከስድስት የመምቻ ቁልፎች ጋር ይፈልጋል።

ሣጥኑን ያሠራሁት ከዋንዛ ነው። ወፍራም እንጨት ያምራል፤ የዱላውን ዘንግ ግን ይውጠዋል። ስለዚህ ጎኖቹን በዋንዛ ትቼ የላይኛውን ገጽ በቀጭን ኮምፔንሳቶ ለወጥኩት፤ ለቁልፎቹም 30 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች አስበሳሁ። ዱላውን ከውጭ አስመጣሁ። ለቁልፎቹ የሚሆኑ ማብሪያዎችን ግን ከመርካቶ ምን አለሽ ተራ ከተፈታቱ አሮጌ ማሽኖች ለቅሜ ገዛሁ፤ ዱላው ይዟቸው ከመጣው ማይክሮስዊቾች አንዱ ተሰብሮ ስለነበርም የታች አቅጣጫውን ከእነዚሁ በአንዱ ተካሁት። አራት ለዱላ፣ ስድስት ለመምቻ፣ ሁለት ለማስጀመሪያና ለሳንቲም፣ በድምሩ አሥራ ሁለት ማብሪያ ሆነ። የእያንዳንዱ አንድ እግር አርዱይኖ ሊዮናርዶ በተባለው ሰሌዳ ላይ ወዳለ የራሱ መግቢያ ይሄዳል፤ ሌላው እግር በአንድ የጋራ ገመድ ተያይዞ ወደ ዜሮ ቮልት ይወርዳል። ማብሪያው ሳይነካ መግቢያው በሰሌዳው ውስጣዊ ሬዚስተር አማካይነት 5 ቮልት ላይ ይቆያል፤ ሲጫን ዜሮ ይሆናል። ሊዮናርዶን የመረጥኩት የዩኤስቢ ግንኙነቱ በዋናው ችፑ ውስጥ ስላለ ኮምፒውተሩ እንደ መጫወቻ ዕቃ በቀጥታ ስለሚያውቀው ነው።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልምጣ።

የጨዋታዎቹን ዝርዝር በሚያሳየው ገጽ ላይ ዱላውን አንዴ ወደ ታች ስገፋ ሁለት ሦስት መስመር ይዘልል ጀመር። ምክንያቱን ወዲያው አወቅሁ፤ ሃያ ዓመት ያስተማርኩት ነውና። ሁለት ብረቶች ሲጋጩ እንደ ኳስ ይነጥራሉ። ግንኙነቱ እስኪረጋ ድረስ በጥቂት ሚሊሰከንዶች ውስጥ ብዙ ጊዜ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ለሰው አንድ ግፊት የሆነው ለችፑ ብዙ ግፊት ነው። በኦሲሎስኮፕ ባየው ጊዜ ያ አሮጌ ማብሪያ እስከ 14 ሚሊሰከንድ ይነጥር ነበር። መድኃኒቱንም በሰሌዳ ላይ ስጽፍ እንደኖርኩት አደረግሁ፦ ለውጥ ሲታይ 50 ሚሊሰከንድ ጠብቅ፤ ከዚያ በኋላም ጸንቶ ከተገኘ ተቀበል።

ዝርዝሩ መዝለሉን ተወ። ጨዋታው ግን ተበላሸ። ፓክማን በየማዕዘኑ ዘግይቶ ይታጠፋል፤ ሁልጊዜም ይያዛል። አንድ ሳምንት ሙሉ ጥፋቱን ዕድሜዬ ላይ ጣልኩት፤ ጣቶቼ ዘግይተዋል አልኩ። ሒሳቡን ሠርቼ አላየሁትም ነበር። ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ይታደሳል፤ አንዱ ምስል ወደ 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል። ሃምሳ ሚሊሰከንድ ማለት ሦስት ምስል ነው።

በመጨረሻ ሣጥኑን ይዤ ወደ ቤተ ሙከራችን ቴክኒሻን ወረድኩ። ስማቸውን እንዳልጠራ ስለጠየቁኝ አልጠራም፤ ሁላችሁም «ጋሼ» እያላችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ፕሮግራሙን አነበቡና እንዲህ አሉኝ፦ «ዶክተር፣ እንግዳ በር ሲያንኳኳ ሦስት ጊዜ ቢመታም እንግዳው አንድ ነው። በመጀመሪያው ምት ይክፈቱለትና የቀረውን አይስሙት። እርስዎ ግን ማንኳኳቱ እስኪያበቃ በሩን ይዘው ቆመዋል።»

ነገሩ ይኸው ነበር። የመጀመሪያውን ለውጥ ወዲያው መቀበል፤ ከዚያ ለ20 ሚሊሰከንድ ያንኑ ማብሪያ ብቻ ችላ ማለት። ነጠራው ያው ነው፣ መዘግየቱ ግን የለም። ዘዴው በሁሉም ቦታ አይሠራም፤ ገመዱ ረጅም ከሆነ ወይም ሞተር አጠገብ ካለፈ፣ ማንም ሳይነካው የሐሰት ምት ሊፈጠር ይችላል። በዚያ ጊዜ መጠበቁ ትክክል ነው። ስለዚህ ጥያቄው የትኛው መልስ ትክክል ነው የሚል አይደለም፤ የትኛው ስሕተት በዚህ ዕቃ ላይ የበለጠ ይጎዳል የሚል ነው። በእኔ የትምህርት ማስታወሻ ውስጥ ይህ ጥያቄ አልነበረም።

እዚህ ላይ የምናገረው ይከብደኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመጨረሻ ፈተና ላይ የማብሪያን ነጠራ ማስወገጃ ጠይቄ ነበር። አንድ ተማሪ «የመጀመሪያውን ተቀበል፣ ቀጥሎ ያለውን እለፍ» ብሎ ጻፈ። ዜሮ ሰጠሁት። ቢሮዬ መጥቶ ከቤተ ሙከራ እንደተማረው ሲነግረኝ፣ ፈተናው የሚታረመው በክፍል በተሰጠው ማስታወሻ ነው ብዬ መለስኩት። አልተከራከረኝም፤ አመስግኖኝ ወጣ። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ተመርቆ ሄዷል። ፈልጌ አግኝቼ እንደተሳሳትኩ ጽፌለታለሁ፤ ውጤቱን ግን አሁን መለወጥ አልችልም።

ይህን የምነግራችሁ ለንስሐ ብቻ አይደለም። ጋሼ በመጪው ሰኔ ጡረታ ይወጣሉ። ለሠላሳ ዓመት በእጃቸው የሰበሰቡት ዕውቀት በየትኛውም የትምህርት ክፍላችን ሰነድ ውስጥ አልተጻፈም። የሚጽፍላቸውም አልተመደበም። እኛ መምህራን በመጽሐፍ ያለውን ዕውቀት «ንድፈ ሐሳብ»፣ የእሳቸውን ደግሞ «ልምድ» እያልን ስንጠራ፣ ሁለተኛው ቃል ዝቅ ያለ መስሎ ይሰማናል። የበሩ ምሳሌ ግን ስለ ጊዜና ስለ ስሕተት ዋጋ የተነገረ ሙሉ ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ያልተጻፈ መሆኑ ብቻ ይለየዋል።

ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጌያለሁ፤ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቼ በዚህ ሴሚስተር ይህንኑ ሣጥን ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ ቡድንም የማብሪያውን ነጠራ በገዛ ዓይኑ ለክቶ የመረጠውን ዘዴ ያስረዳል። ሥራው ሲገመገም ጋሼ ከእኔ ጋር በእኩል ድምፅ ይቀመጣሉ። ልመናዬ ለባልደረቦቼ ነው፦ እስከ ሰኔ ድረስ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እያንዳንዳችን ከአንድ ተማሪ ጋር ወደ ምድር ቤቱ ወርደን የሚነግሩንን እንጻፍ። የመጀመሪያውን ሐሙስ እኔ ይዣለሁ።

ሣጥኑ እዚሁ ይቆያል። ከጥያቄና መልሱ በኋላ መሞከር የሚፈልግ ይምጣ፤ ማዕዘን ላይ ብትያዙ ግን ከእንግዲህ ጥፋቱ የሣጥኑ አይደለም።