የትንፋሽ መንገድ፦ ዮጋ፣ ዚክርና የልብ እርጋታ በጅግጅጋና በአካባቢዋ

ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል





የዛሬውን ርእስ የወሰነልኝ ተማሪዎቻችን ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ዮጋ ሃይማኖት ነው ወይስ ስፖርት? ለእኛስ ይፈቀድልናል?» ይሉኛል። በእጅ ስልካቸው የሚያዩት ዮጋ በባሕር ዳርቻ እግሯን አጣጥፋ የተቀመጠች ወጣት ምስል ነው። ጠያቂዎቹ ግን የሚፈልጉት እግር ማጣጠፍን አይደለም። የሚፈልጉት ከፈተና ጭንቀት፣ ከቤተሰብ ችግርና ከሥራ አጥነት ስጋት የሚያርፍ ልብ ነው። ይህ ፍለጋ የሚናቅ አይደለም፤ መልሱም በ«አዎ» ወይም በ«አይ» አያልቅም።

ላቀርበው የምፈልገው ሐሳብ አንድ ነው። እርጋታ በአካልና በትንፋሽ በየዕለቱ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚሆነው መሣሪያም በየቤታችን አለ። ዮጋን ማወቅ ከሚሰጠን ጥቅም ዋነኛው፣ ይህን የራሳችንን መሣሪያ በአዲስ ዓይን እንድናይ ማድረጉ ነው።

፩. ዮጋ ምንድን ነው?

በፓታንጃሊ ስም የሚታወቀው ዮጋ ሱትራ ቢያንስ ከ1500 ዓመት በፊት በሳንስክሪት የተጠናቀረ አጭር የትምህርት መጽሐፍ ነው። ዋና ጉዳዩ የሚናወጥ አእምሮን ማሳረፍ ነው። መንገዱንም በስምንት ክፍሎች ያስቀምጠዋል። መጀመሪያው ከሌሎች ጋር በቅንነት መኖር ነው፤ አለመጉዳት፣ አለመዋሸት፣ አለመስረቅ በዚህ ይጠቃለላሉ። ሁለተኛው ራስን መግዛት፣ ሦስተኛው የአካል አቀማመጥ፣ አራተኛው ትንፋሽን መግራት ነው። የቀሩት አራቱ ስሜትን ከውጭ መሰብሰብ፣ ማተኮር፣ ማሰላሰልና መመሰጥ ናቸው። ልብ በሉ፤ ዛሬ በዓለም ገበያ ዮጋ ተብሎ የሚሸጠው የአካል እንቅስቃሴ ከስምንቱ አንዱ ነው፤ ያውም ሦስተኛው። ሚዛኑን እያሳሳተ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ወገቡ የቱንም ያህል ቢተጣጠፍ፣ በዚህ ትምህርት መሠረት ገና ከደጃፉ አልገባም።

ይህን መጽሐፍ ከህንድ ውጭ ላለው ዓለም ካስተዋወቁት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ሙስሊም ነበር። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አቡ ረይሃን አል-ቢሩኒ የፓታንጃሊን ትምህርት ወደ ዐረብኛ መለሰው። ስለ ህንድ በጻፈው ታላቅ ሥራውም የዮጋን ሐሳብ ከሱፊዎች ትምህርት ጎን አስቀምጦ አነጻጸረ። ልዩነቱን አልሸፈነም፤ ተመሳሳይነቱንም አልካደም። እኛም በዚህ አዳራሽ ልንከተለው የሚገባው የዕውቀት ሥነ ምግባር ይህ ይመስለኛል።

ተማሪዎቻችን የሚያነሡት የመፈቀድና የመከልከል ጥያቄም ባዶ ጥያቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የማሌዢያ ብሔራዊ የፈትዋ ምክር ቤት፣ የሂንዱ የአምልኮ ክፍሎችንና ዝማሬን የያዘው ዮጋ ለሙስሊሞች የተከለከለ መሆኑን አስታወቀ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ዝማሬ የሌለበት የአካል እንቅስቃሴ ሊቀጥል እንደሚችል ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ሳውዲ አረቢያ ዮጋን እንደ ስፖርት እንዲሰጥ ፈቀደች። ሁለቱ ውሳኔዎች የሚጋጩ ይመስላሉ፤ ሲመረመሩ ግን ስለ አንድ ነገር አይናገሩም። አንደኛው የሚናገረው ስለ አምልኮው፣ ሁለተኛው ስለ አካል እንቅስቃሴው ነው። ስለዚህ «ዮጋ ይፈቀዳል?» ከማለታችን በፊት «ከስምንቱ የትኛው?» ማለት ይገባናል። የሃይማኖቱን ብይን ለየእምነቱ ሊቃውንት እተዋለሁ። እኔ የምናገረው ስለ አራተኛው ክፍል፣ ስለ ትንፋሽ ነው፤ ትንፋሽ የማንም ሃይማኖት የግል ርስት አይደለምና።

፪. ትንፋሽ በልብ ላይ ምን ይሠራል?

ጤናማ ጎልማሳ ዐርፎ ሳለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል። አየር ስናስገባ የልብ ምት በጥቂቱ ይፈጥናል፤ ስናስወጣ ይዘገያል። ትንፋሻችን ዝግ ሲልና በተለይ አወጣጡ ሲረዝም፣ ከአንጎል ወደ ልብና ወደ ሆድ ዕቃ የሚወርደው ቫገስ የተባለው ነርቭ የማረጋጋት ሥራውን ያጠናክራል። ሰው በትእዛዝ የልቡን ምት ሊያዘገይ አይችልም፤ ትንፋሹን ግን ሊያዘገይ ይችላል። ትንፋሽ ከፈቃዳችን ውጭ ወደሚሠራው አካል የሚያስገባን አንድ በር ነው።

በጣሊያን የፓቪያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሉቺያኖ ቤርናርዲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ያወጡት ጥናት ለዛሬው ርእሳችን በተለይ ይጠቅመናል። ለ23 ጤናማ ሰዎች ሁለት ነገር እንዲደግሙ ሰጧቸው፤ አንዱ ካቶሊኮች በመቁጠሪያ የሚጸልዩት የማርያም ጸሎት በላቲን፣ ሌላው የዮጋ ማንትራ ነበር። ውጤቱ አንድ ዓይነት ሆነ። ሁለቱም የተሳታፊዎቹን ትንፋሽ በደቂቃ ወደ 6 ጊዜ አወረዱት። ይህም ቁጥር የደም ግፊት በተፈጥሮው በየ10 ሴኮንዱ ገደማ ከሚያደርገው መዋዠቅ ጋር ይገጥማል፤ ልብ፣ ሳንባና የደም ሥር በአንድ ምት መሄድ ይጀምራሉ።

ይህ ጥናት ስለ እስልምና ዚክርም ሆነ ስለ ኦርቶዶክስ ጸሎት አልተናገረም፤ እኔም ያላለውን አላስብለውም። ያሳየው ግን የሁለት የተራራቁ ሕዝቦች አባቶች፣ መለኪያ መሣሪያ ሳይኖራቸው፣ የጸሎታቸውን ርዝመት ከሰው ትንፋሽ ጋር አስማምተው እንደነበር ነው። ጥያቄው ታዲያ ወደ እኛ ይዞራል፤ የእኛስ አባቶችና እናቶች ምን ያውቁ ነበር?

፫. በዚህ ሜዳ ላይ ያለው ሀብት

ከሐረር ተነሥቶ ወደ ሀርጌሳ የሚወስደው ጥንታዊ መንገድ በጅግጅጋ ሜዳ ያልፋል። በዚህ መንገድ ከንግድ ዕቃና ከከብት ጋር ዕውቀትም ተጉዟል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሐረር የተማሩት ሸይኽ መዳር፣ የቃዲሪያን ጠሪቃ ይዘው በሀርጌሳ የሃይማኖት መንደር መሥርተዋል። በዚያው ዘመን ሸይኽ አብዱረህማን አል-ዘይለዒ በኦጋዴን ቁሉንቁል ተቀምጠው የቃዲሪያን አንድ ቅርንጫፍ አስፋፍተዋል። ከጅግጅጋ በስተሰሜን ያለችው አውበሬም ስሟን ያገኘችው በዚያ ካረፉት ሸይኽ ነው።

ሶማሊዎች ዲክሪ የሚሉትን ዚክር ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ሰዎች ተሰብስበው ይቀመጣሉ ወይም ይቆማሉ፤ የአላህ ስም በአንድ ድምፅ ይደገማል፤ አካል በቀስታ ይወዛወዛል፤ ትንፋሽ ከቃሉ ጋር ይገባል፣ ይወጣል። ፈጣኑ ዚክር ልብን ያግላል እንጂ አያዘገይም፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ጸጥታ ግን ለብቻው ትምህርት ነው። የሶማሊ ሴቶችም ዕጣን አጢሰው ሐዋንና ፋጡማን በመሳሰሉ ቅዱሳት ሴቶች ስም የሚያዜሙበት፣ ሲታት የተባለ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። የወለደችው፣ የታመመችው፣ ያዘነችው በአንድ ክብ ይቀመጣሉ። የሥነ ልቦና ባለሙያ «የቡድን ድጋፍ» ብሎ የሚጠራውን እነርሱ «እናቶቻችንን እንጥራ» ብለው ያደርጉታል።

ከዚህ ጎን ለጎን በዚህችው ከተማ የሚኖሩ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች መቁጠሪያ ይዘው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»ን 41 ጊዜ ይደግማሉ፤ በጾም ወራት ይሰግዳሉ። ሙስሊሙ ከሶላት በኋላ በጣቱ ወይም በሙሰብሃው 33፣ 33 እያለ ይቆጥራል። አማርኛችን ለሁለቱም ዕቃ «መቁጠሪያ» የሚል አንድ ቃል የሰጠው ያለ ምክንያት አልመሰለኝም።

ስለ መቃብር ጉብኝትና ድምፅን ከፍ አድርጎ ስለሚደረግ ዚክር በሊቃውንት መካከል ብርቱ ክርክር እንዳለ አውቃለሁ። በዚህ አዳራሽም የሁለቱም ወገን ልጆች አላችሁ። ክርክሩ የሚነካው ቦታውንና መልኩን ነው፤ አላህን በልብ ማስታወስን የሚክድ ግን ከሁለቱም ወገን የለም። የምናገርበት መሬት ይህ የጋራ መሬት ነው።

፬. የሚገዛ እርጋታና የሚገነባ እርጋታ

አሁን ስለ በርጫ ላንሣ። በከተማችን ከቀትር በኋላ ያለው ሰዓት የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከአወዳይ የሚነሣው ጫት በየዕለቱ ጅግጅጋን አቋርጦ በቶጎ ውጫሌ በኩል ድንበር ይሻገራል፤ በመንገዱም ብዙ ወጣት ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር የገባው እንግሊዛዊ ተጓዥ ሪቻርድ በርተን፣ የከተማዋ ሊቃውንት ጫት ይቅሙ እንደነበር ጽፏል። በብዙ የጸሎት ስብስብ ጫት ሌሊቱን ነቅቶ ለመቆየት ያገለግል ነበር። ያኔ ጫቱ የጸሎቱ አገልጋይ ነበር። ዛሬ በብዙ ቤት ጸሎቱ ተነሥቶ አገልጋዩ ጌታ ሆኗል።

የጫት ምርቃና እርጋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር የልብን ምት ያፈጥናል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍን ይነሣል። ማታ ድባቴው፣ ሌሊት ዱካኩ፣ በማግሥቱ ሐራራው ይከተላል። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው። የሚገዛ እርጋታ በየቀኑ ዋጋው ይጨምራል፤ የሚገነባ እርጋታ በየቀኑ ዋጋው ይቀንሳል። በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ደቂቃ ጸጥ ብሎ መቀመጥ ዳገት ነው፤ በሦስተኛው ወር ያለ እርሱ መዋል ዳገት ይሆናል። ይህን የምለው ለብዙ ዓመታት ከንጋት በፊት ሃያ ደቂቃ በዚህ መንገድ ስለተቀመጥሁ ነው። ሐሳቤ ዛሬም ይባዝናል፤ የተለወጠው የምመልስበት ፍጥነት ነው።

፭. እርጋታ ግዴለሽነት አይደለም

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። በ2013 እና በ2015 ዓ.ም. መካከል በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ፣ የክልላችን አርብቶ አደር መንጋው ዓይኑ እያየ አልቋል። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጀመረው ሁከት በዚህች ከተማ ሰዎች ተገድለዋል፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ ሱቆች ተዘርፈዋል። እንዲህ ላለ ሕዝብ «ተንፍሱ፣ ተረጋጉ» ማለት ፌዝ አይሆንምን?

እርጋታ ማለት በደልን አለማየት ከሆነ፣ አዎ፣ ፌዝ ነው። ነገር ግን ዮጋ ሱትራ አለመጉዳትን ከአቀማመጥ አስቀድሞ ያስቀመጠው፣ ሱፊዎችም የነፍስን ትግል ከጎረቤት ሐቅ ያልለዩት በምክንያት ነው። የሁከትን ቀን ያየ ሰው ያውቃል፤ ወሬ በስልክ ሲደርስ፣ ደም ሲሞቅ፣ እጅ ድንጋይ ሲፈልግ፣ በወሬውና በድንጋዩ መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ትንፋሽ ብቻ ነው። በዚያች ጥቂት ትንፋሽ ቆም ማለት የሚችል ሰው ጎረቤቱን በቤቱ ይደብቃል። ያ ችሎታ በዚያን ቀን አይፈጠርም፤ በሰላሙ ቀን የተለማመደ ብቻ ያገኘዋል።

ለአንድ ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከባድ ጥቃት ወይም ስደት ያለፈበት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲቀመጥ ትዝታው ሊያስጨንቀው ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ዓይኑን ገልጦ፣ ወይም በቀስታ እየተራመደ ቢጀምር ይሻላል፤ ጭንቀቱ ከበረታም ወደ ሐኪም ይሂድ። ትንፋሽም ዱዓም ሕክምናን አይከለክሉም።

፮. ከየት እንጀምር?

ቀላል ነው። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ፣ በምንጣፍ ወይም በወንበር ላይ ወገባችሁን አቅንታችሁ ተቀመጡ። በአፍንጫ አምስት ሴኮንድ ያህል አስገቡ፤ አምስት ሴኮንድ ያህል፣ ቢቻል ትንሽ አርዝማችሁ አስወጡ። ትንፋሽ አትያዙ፤ አትታገሉ። የምታምኑበት ቃል ካለ ከትንፋሹ ጋር በልባችሁ ድገሙት፤ ቃል የሌለው ሰው ትንፋሹን ይቁጠር። ሐሳባችሁ ሲሸሽ ያለ ቁጣ መልሱት። በአምስት ደቂቃ ጀምሩ። ስልኩ በሌላ ክፍል ይሁን።

አካሉ ሲያርፍ የሚሆነውን ሳይንስ ይለካል፤ ያረፈው ልብ ወደ ማን እንደሚዞር ግን ሳይንስ አይወስንም። ሙስሊሙ በዚያ ጸጥታ ጌታውን ያስታውሳል፤ ክርስቲያኑ ምሕረትን ይለምናል፤ ገና የሚፈልግ ሰውም ፍለጋውን ይሰማል። ሦስቱም ከተቀመጡበት ሲነሡ መፈተኛቸው አንድ ነው፤ በቤታቸው ያለው ሰው በእነርሱ ምክንያት ቀኑ ቀለል ብሎለት እንደሆነ ይጠየቃሉ።

 ጥያቄዎቻችሁንና ተቃውሟችሁን በደስታ እቀበላለሁ።