የጎጃምን ትውልድ የቈጠሩት አለቃ ተክለ ኢየሱስ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በደብረ ኤልያስ ቆሞ ስለ ታላቅ ሰው የሚናገር ተማሪ ከዮፍታሔ ንጉሤ ይጀምራል ብላችሁ እንደምትጠብቁ ዐውቃለሁ። እኔ ግን ዛሬ የመረጥኋቸው ከዐባይ ማዶ ተወልደው የጎጃምን ታሪክ የጻፉልንን አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራን ነው።

የአባታቸው ስም እንደሚያመለክተው አለቃ ከኦሮሞ ወገን ናቸው። የተወለዱት በወለጋ ምድር ነው። የጎጃም ጦር ዐባይን ተሻግሮ በዘመተ ጊዜ በሕፃንነታቸው ተማርከው መጡ። ያሳደጓቸውም ራስ አዳል፥ በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የነገሡት ናቸው። እኒሁ ንጉሥ በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት በምኒልክ ሠራዊት ተሸንፈው ራሳቸው መማረካቸው የሚያስገርም ነው። ሕፃን ከእናቱ መለየቱን ግን በጎ ነገር ነበር ብዬ ለመናገር አልደፍርም።

ልጁ በቤተ መንግሥት አድጎ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማረ፤ ሥዕልም ዐወቀ፤ በሽሙጥና በነገር ዐዋቂነትም ታወቀ። ከሁሉ ይልቅ ግን የሽማግሌዎችን ቃል ሰብስቦ የጎጃምን ትውልድና የነገሥታቱን ታሪክ ጻፈ።

ይህ ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ለመረዳት ርስትን ማሰብ ያስፈልጋል። ለእኛ ለተማሪዎች ትውልድ መቍጠር ማለት ለጋብቻ ሰባት ቤት ከማጣራት የሚያልፍ አይመስለንም። በዚያ ዘመን ግን አንድ ገበሬ ከአቅኚው አባት መሬት ድርሻ ለማግኘት በአባቱ ወይም በእናቱ በኩል እስከ አቅኚው ድረስ ስም በስም መቍጠር ነበረበት። አንድ ስም የሳተ ይረታ ነበር። እንግዲህ ትውልድ መጻፍ የሰውን እንጀራ መንካት ነበር። አለቃ ግን በትውልድ የሚከራከሩበት የጎጃም ርስት አልነበራቸውም። ምናልባት ለዚህ ሥራ የተመቹት ስለዚህ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

መጽሐፉ ለረጅም ዘመን በእጅ ጽሑፍ ኖረ። ጸሐፊው ካረፉ ከብዙ ዐሥርተ ዓመታት በኋላ፥ በ2003 ዓ.ም.፥ አቶ ግርማ ጌታሁን አዘጋጅተውት «የጎጃም ትውልድ በሙሉ ከአባይ እስከ አባይ» ተብሎ ታተመ፤ እርሳቸው የተረጐሙት የእንግሊዝኛው ቅጂም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ወጣ። ወንዙ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን ዞሮ ስለሚከባት ርእሱ የተገባ ነው።

በ1967 ዓ.ም. መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ ተብሎ ከታወጀ ወዲህ ለመሬት ሲል ትውልድ የሚቈጥር የለም። ከዚያም በኋላ የተወለድነው ረሳነው። በሚስዮን ትምህርት ቤት የእንግሊዝን ነገሥታት በተራ እጠራ ነበር፤ የገዛ አባቶቼን ግን ከአራት በላይ አላውቅም። ባለፈው ክረምት አያቴን እንዲያጽፉኝ ለመንኋቸው። ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ሳያቋርጡ ዐሥራ አንድ ስም ቈጠሩልኝ፤ እጄ እስኪደክም ጻፍሁ። ዐሥራ ሁለተኛውን ሲያስቡ ቆዩና፥ «እርሱን የምታውቀው እኅቴ ናት፤ እኔ ጋ ጠፍቶብኛል» አሉኝ።

እኅታቸው ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ጆሯቸውም ደክሟል። ስለዚህ ለፋሲካ ዕረፍት ደብተሬን ይዤ ወደ እርሳቸው እሄዳለሁ።