በስጦታና በተቀናሽ መካከል

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለሒሳብ ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጆች ስለ ጉባ ጉዟችን እንድናገር በጋበዙኝ ጊዜ፣ ስለ ግድብ መናገር የሚገባው መሐንዲስ እንጂ የሒሳብ ሠራተኛ አይደለም ብዬ ለማምለጥ ሞክሬ ነበር። ኋላ ግን ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ፣ መሐንዲሱ የማያውቀውና እኛ የምናውቀው አንድ ጉዳይ መኖሩን ተገነዘብኩ። ይኸውም ገንዘቡ ከየሰዉ ኪስ እንዴት እንደ ወጣ ነው። ዕድሜዬን የደመወዝ መዝገብ ሳገላብጥ የጨረስኩ እንደ መሆኔ መጠን፣ ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ብቻ ነው፤ የሲሚንቶውንና የብረቱን ነገር ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ።

እንደሚታወቀው ጉባ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ ከሱዳን ጠረፍ ብዙ ሳይርቅ የሚገኝ ወረዳ ነው። ከተማው ማንኩሽ ይባላል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በዚያ የግድቡን የመሠረት ድንጋይ ሲያኖሩ፣ ወጪው 80 ቢሊዮን ብር ያህል እንደሚሆንና ሥራው በአገር ውስጥ ገንዘብ እንደሚካሄድ ተነገረ። ከዚያ ቀን በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የመንግሥት ሠራተኛው የአንድ ወር ደመወዙን በዓመት ከፋፍሎ አዋጣ። ነጋዴው፣ ገበሬው፣ ተማሪው በየፊናው ቦንድ ገዛ። የሕዝባዊ ተሳትፎ ማስተባበሪያ ምክር ቤት ተቋቋመ፤ ዋንጫ ከክልል ክልል ዞረ፤ በ8100 በሚላክ አጭር የስልክ መልእክት ጥቂት ጥቂት ብር ተለቀመ። ግድቡ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኃይል ሰጠ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። እስከዚያ ድረስ ሕዝቡ በቦንድና በስጦታ ያዋጣው ከ20 ቢሊዮን ብር በላይ መድረሱ በይፋ ተገልጿል።

ይህ ገንዘብ ትልቅ ነው። ሆኖም ከጠቅላላው ወጪ ጋር ሲተያይ አንድ ዐሥረኛ ገደማ ነው፤ ከባዱን ሸክም የተሸከመው የባንክ ብድር ነው። ታዲያ በየመድረኩ ስለ ዘጠኙ እጅ ዝም ተብሎ ስለ አንዱ እጅ ይህን ያህል የተነገረው ለምን ይሆን? መዋጮው ከገንዘብነቱ ይልቅ ድምፅነቱ ስለሚበልጥ ይመስለኛል። ቦንድ የገዛ ሰው «እኔም አለሁበት» ብሏል። ያልገዛውስ ምን አለ? እዚህ ላይ ነው የሙያችን ጥያቄ የሚጀምረው።

ጉዳዩ ግድብ እንጂ ፖለቲካ አይደለም የሚል ወገን አለ። ግድቡ የአገር እንደ ሆነ አያከራክርም። ነገር ግን ዘመቻውን ያወጀው መንግሥት፣ ስብሰባውን የሚመራው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ኃላፊውም ብዙውን ጊዜ የፓርቲ አባል ነበር። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ምን እንደ ነበር ደግሞ አንርሳ። በ1997ቱ ምርጫ ሚያዝያ 29 ቀን የኢሕአዴግ፣ በማግሥቱ ሚያዝያ 30 ቀን የተቃዋሚዎቹ ደጋፊ መስቀል አደባባይን ሞልቶ ነበር። ወረቀት የሚበትነውና ሰው የሚቀሰቅሰው ወጣት ጊዜውንና ጉልበቱን በነጻ ሰጠ። (በእነዚያ ሁለት ቀናት ማን በፈቃዱ፣ ማን በትእዛዝ እንደ ወጣ የሚያሳይ መዝገብ ግን የለም፤ ሁለቱም ወገን ሁሉም በፈቃዱ ነው ይላል።) ከምርጫው በኋላ ግን ደም ፈሰሰ፤ ብዙ ሰው ታሰረ። ከዚያ ወዲህ በስብሰባ መካከል ተነሥቶ «እኔ አልሰጥም» ማለት፣ ስለ ገንዘብ ሳይሆን ስለ ወገን የተነገረ ቃል ሆኖ ይሰማ ነበር።

አባቶቻችን ለእነዚህ ነገሮች የተለያየ ስም ነበራቸው። ግብር ሌላ፣ መዋጮ ሌላ፣ ስጦታ ሌላ ነው። የአሶሳው ሼክ ኮጄሌ አልሐሰን ለአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ወርቅ ይልኩ ነበር፤ ያ ወርቅ ግብር ነበር፤ ስጦታ ነው ብሎ ራሱን ያታለለ ሰው አልነበረም። የዕድር መዋጮ ደግሞ እኩል የሚከፈል፣ ያልከፈለ የሚቀጣበት፣ ግን አስቀድሞ ሁሉም የተስማማበት ነው። ስጦታ ከሁለቱም ይለያል። ሰጪው ሊያስቀረው የሚችለው፣ ቢያስቀረውም የማይጠየቅበት ነው። በእኔ ዕድሜ እነዚህ ሦስቱ ስሞች ተደበላልቀዋል። በደርግ ዘመን፣ በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ከተነገረ በኋላ ገንዘብም ሰውም ሲሰበሰብ «በፈቃደኝነት» የሚለው ቃል በየደብዳቤው ነበር። ልቡ ነድዶ የዘመተም ነበር፤ ቀበሌ ስሙን ስለጻፈው የዘመተም ነበር። ቃሉ ግን ለሁለቱም አንድ ነበር።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር። በ2003 ዓ.ም. አሶሳ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የደመወዝ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ተዉት፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና። የሠራተኞች ስብሰባ ተደረገ፤ የአንድ ወር ደመወዝ በዐሥራ ሁለት ወር ለቦንድ እንዲቆረጥ በጭብጨባ ጸደቀ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው ያጨበጨብኩት። ቃለ ጉባኤው ደረሰኝ። የመቀነሻ ቅጻችን የሠራተኛው ፊርማ የሚሰፍርበት ዐምድ ነበረው። በዚያ ዐምድ ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር አሰመርኩና «በስብሰባ የተወሰነ» ብዬ ጻፍኩበት። ከመቶ የሚበልጥ ሰው ፊርማ በአንድ መስመር ተተካ።

በወሩ መጨረሻ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ወደ መስኮቴ መጡ። የወር ደመወዛቸው 420 ብር ነበር፤ 35 ብር ተቀንሶባቸዋል። የስብሰባው ዕለት ልጃቸው ታሞባቸው ፈቃድ ላይ ነበሩ።

«ልጄ፣ ይህቺ ሠላሳ አምስት ብር ምንድን ናት?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ለግድቡ ነው፤ በስብሰባ ተወስኗል» አልኳቸው።

«ለግድቡማ እሰጥ የለም ወይ? እኔ እኮ እሰጥ ነበር። ሳትጠይቁኝ ለምን ወሰዳችሁብኝ?»

የምመልሰው አልነበረኝም። ቃለ ጉባኤውን አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም ነበርና ወረቀቱን ተመልክተው፣ «በሉ እሺ» ብለው ሄዱ። የከፍተኛ ባለሙያው 2,400 ብር ደመወዝ በየወሩ 200 ብር ተቆርጦበታል፤ የእሳቸው 35 ብር ነው። በስሌት ሁለቱም አንድ ዐሥራ ሁለተኛ ነው። እኛ የስሌት ሰዎች ይህን እኩልነት ፍትሕ ብለን እንጠራዋለን፤ 35 ብር ከ420 ላይ ሲነሣ ከዳቦ እንደሚነሣ መዝገቡ አያሳይም።

የእኔ ጥፋት ግን በገንዘቡ መጠን ላይ አልነበረም። በዚያን ጊዜ የጸናው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999፣ የሠራተኛ ደመወዝ ሊቀነስ የሚችለው ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ ወይም ሕግ ሲደነግግ እንደ ሆነ ይናገራል። ጭብጨባ በዚህ ውስጥ የለም። ይህን አንቀጽ አውቀው ነበር። የባንክ ብድር የሚቀነስበትን ሠራተኛ ያለ ፊርማ አላስተናግድም ነበር። ለአገር ሲሆን ግን ፊርማ መጠየቅ አገርን መጠራጠር መሰለኝ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ቦንድ ብድር ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ከነወለዱ ይመለሳል። ብዙ ሠራተኞች ግን ያበደሩ ይሁኑ የሰጡ ለይተው አያውቁም ነበር፤ እኛም አላስረዳናቸውም። ከአምስት ዓመት በኋላ እኚሁ ሴት የቦንድ ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው መጡ። ባንክ ሄደው ነበር፤ በወረቀቱ ላይ ያለው የአባታቸው ስም ከመታወቂያቸው ጋር አልገጠመም። ስሙን ከአሮጌ ዝርዝር ላይ አሳስቼ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ፊርማቸውን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ቅጹ ሲነበብላቸው በዚያው ዕለት ይታረም ነበር። የማስተካከያ ደብዳቤ ጽፌ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ አብሬያቸው ወደ ባንክ ሄድኩ። ገንዘባቸውን ሲቀበሉ ከፍለው 100 ብር አወጡና ለግድቡ በስጦታ እንዲገባላቸው ጠየቁ። ደረሰኙን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ፤ ስማቸው በትክክል ተጽፎ ነበር።

በፈቃድ የሚሰጥ ገንዘብ ምን እንደሚመስል ለማየት፣ ማንም ሊያስገድደው ወደማይችል ሰጪ መመልከት ይጠቅማል። በፋሺስት ወረራ ዘመን ዶክተር መላኩ በያን በ1929 ዓ.ም. በኒውዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ሲያቋቁሙ፣ አባል የሆኑት የሐርለም ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። አብዛኞቹ ደሀ ሠራተኞች ናቸው፤ ኢትዮጵያን ዐይተዋት አያውቁም። ከደመወዛቸው ላይ የሚቆርጥባቸው የሒሳብ ክፍል አልነበረም። የሰጠ በገዛ እጁ ሰጠ፤ ያልሰጠም ወደ ሥራው ሄደ።

ከዚያው አገር የመጣ ሌላ ትምህርት አለ፤ እርሱ ደግሞ ለሙያችን ይበልጥ ይቀርባል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የግድቡን ቦንድ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖች ሸጦ ነበር። ከ3,100 በላይ ሰዎች ወደ 5.8 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ገዙ። ነገር ግን ሽያጩ በአገሩ ሕግ መሠረት አልተመዘገበም ነበር፤ በሰኔ 2008 ዓ.ም. የአሜሪካ የሰነድ ገበያ ተቆጣጣሪ ጉዳዩን በስምምነት ሲዘጋ መሥሪያ ቤቱ ከነወለዱ ወደ 6.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ሆነ። በዚያን ሰሞን ብዙዎቻችን ተቆጣን፤ የአገራችንን ሥራ ለማሰናከል ነው ያልንም ነበርን። አሁን ስመለከተው የተጠየቀው ጥያቄ ቀላል ነው። ለእነዚህ ሰዎች ምን እንደሚገዙ፣ አደጋውም ምን እንደ ሆነ በጽሑፍ ነግራችኋቸዋል ወይ? የአሶሳዋ ሴት በመስኮቴ በኩል የጠየቁኝም ከዚህ የራቀ አልነበረም። በአሜሪካ ጠያቂ መሥሪያ ቤት ነበር፤ በእኛ መስኮት ግን ጠያቂዋ ብቻቸውን ነበሩ።

ለፖለቲካ ፓርቲዎች መዋጮም ቢሆን ሕጋችን ጠያቂ አበጅቷል። አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ፓርቲ ከውጭ አገር ሰው ወይም ምንጩ ካልታወቀ ሰጪ ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል፤ ሒሳቡንም እንዲያስመረምር ያዛል። ብዙዎቻችሁ ኦዲተሮች ናችሁና ይህ ሥራ ወደ እናንተ ይመጣል። የአዋጁ ጭንቀት ገንዘቡ ከማን መጣ የሚለው ነው። እንዴት መጣ የሚለውን ግን መርማሪው ካልጠየቀ ማንም አይጠይቅም። በአንድ ቀን፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት፣ በእኩል መጠን የገባ የሁለት መቶ ሰው «ስጦታ» ብታገኙ ደረሰኙ ሁሉ የተሟላ ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን ከሰጪዎቹ ዐሥሩን ጠርቼ አነጋግር ነበር።

ወደ ጉባ ልመለስ። በጉዟችን ጊዜ ንጋት የተባለውን ሐይቅ አየን። ግድቡ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ የተሠራ ነው። ከዚያ ውሃ ሥር በዐባይ ዳር የጉሙዝ ሕዝብ ያርስበት፣ ዓሣ ያጠምድበት፣ ወርቅ ያጥብበት የነበረ መሬት አለ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተነሥተው ወደ አዳዲስ መንደሮች ሄደዋል። በአንዱ መንደር ያገኘናቸው ሽማግሌ፣ እኛ የሒሳብ ሰዎች መሆናችንን ሲሰሙ በልጅ ልጃቸው አስተርጓሚነት የጠየቁን፣ የሰጪዎች ስም የተጻፈበት መዝገብ የት እንዳለና የእሳቸው ስም በውስጡ መኖሩን ነበር። ከእኛ መካከል አንዱ ስለ ካሣ ክፍያ ሊያስረዳቸው ሞከረ። ካሣውን እንደሚያውቁት፣ የጠየቁት እርሱን እንዳልሆነ ተናገሩ። በ2013 ዓ.ም. የተደረገው ምርጫ በጸጥታ ችግር ምክንያት በመተከል አለመካሄዱን፣ በክልሉ የቀረው ድምፅ የተሰጠው ሰኔ 13 ቀን 2016 ዓ.ም. መሆኑን ስናስብ፣ በዚያ አካባቢ ሰው ፈቃዱን የሚገልጽበት ወረቀት ምን ያህል ውድ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ለሽማግሌው የሰጠነው መልስ የለም፤ እስካሁንም የለኝም።

ለእኔ መስኮት ግን መልስ አለኝ ብዬ አስባለሁ። ለማንኛውም የወል መዋጮ የሚያገለግል አንድ ቅጽ አዘጋጅቻለሁ። ቅጹ ሦስት መስመር ብቻ አለው፤ «አበድራለሁ»፣ «እሰጣለሁ»፣ «አልሳተፍም» የሚሉ። ማንበብ ለማይችል በምስክር ፊት ይነበብለታል። ሠራተኛው ቤቱ ወስዶ ሞልቶ፣ በፖስታ አሽጎ የሚመልሰው ለደመወዝ ክፍል እንጂ ለኃላፊው አይደለም። ዝርዝሩ በሰሌዳ ላይ አይለጠፍም፤ ለማንም ፓርቲ የሚሆን ገንዘብም በዚህ ቅጽ አይቀነስም። አንዳንድ ባልደረቦቼ «አልሳተፍም» የሚለውን መስመር ካተምን ገቢው ይቀንሳል ብለውኛል። ሊቀንስ ይችላል። ምን ያህል እንደሚቀንስ ሳናውቅ ግን የቀረውን ስጦታ ብለን በየትኛው ዐምድ ልንመዘግበው ነው?

የቅጹን ቅጂ ለማኅበሩ ጸሐፊ ሰጥቻለሁ። ጉድለት አይጠፋውምና፣ በየመሥሪያ ቤታችሁ ካለው አሠራር ጋር እያስተያያችሁ እስከ መጪው ስብሰባ እርማታችሁን እንድትልኩልኝ እለምናለሁ።