የቻንዲጋር ወንበሮች በጨረታ አዳራሽ



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ የቢሮ ወንበር ነው። ወንበሩ ከቲክ እንጨት የተሠራ ነው፤ መቀመጫውና መደገፊያው በሸምበቆ ልጣጭ ተጠልፏል፤ እግሮቹ እንደተከፈተ ኮምፓስ ግራና ቀኝ ተዘርግተው መሬት ይረግጣሉ። በሰሜን ሕንድ፣ በቻንዲጋር ከተማ፣ የመንግሥት ጸሐፊዎች ለአሥርት ዓመታት ሲሠሩ የኖሩት በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ዛሬ ተመሳሳዩ ወንበር በፓሪስ፣ በለንደንና በኒው ዮርክ ለጨረታ ቀርቦ ጥንዱ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ በጨረታ ቤቶቹ ላይ ይቆጣሉ። እኔ ግን ትልቁ ጥፋት የተፈጸመው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በከተማዋ በራሷ የንብረት ክፍል ውስጥ ነው ባይ ነኝ።

ቻንዲጋር የመከፋፈል ውጤት ናት። እ.ኤ.አ. በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ የፑንጃብ መዲና ላሆር ለፓኪስታን ደረሰች። ጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔህሩም ለሕንዱ ፑንጃብ አዲስ መዲና እንዲቆረቆር አደረጉ። ሥራው ለአርክቴክት ለ ኮርቡዚየ ተሰጠ፤ ዓለምም ከተማዋን በእሱ ስም ያውቃታል። እሱ ግን እየመጣ የሚመለስ እንግዳ ነበር። እዚያው ቤት ይዞ ከ1951 እስከ 1965 የኖረው፣ የየዕለቱን ግንባታ የመራው፣ ዘመዱና የረጅም ጊዜ የሥራ ባልደረባው ፒየር ዣንረ ነው። ዣንረ በ1967 ሲሞት አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ በኋላ በቻንዲጋሩ ሱክና ሐይቅ ላይ ተበተነ። ከተማዋን ምን ያህል እንደወደዳት ለመናገር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ፍርድ ቤቱ፣ ምክር ቤቱ፣ የሚኒስቴሮቹ ሕንፃና ዩኒቨርሲቲው ሲሠሩ ዕቃ አስፈለጋቸው። ዣንረና አብረውት የሚሠሩት ሕንዳውያን አርክቴክቶች ወንበሩን፣ ጠረጴዛውን፣ የመጽሐፍ መደርደሪያውን፣ አግዳሚውን ነደፉ። ከእነዚህ ባለሙያዎች መካከል ዩሊ ቾውድሪ የተባለችው አርክቴክት በዕቃዎቹ ንድፍ ላይ ከዣንረ ጋር በቅርብ ሠርታለች። እንጨቱ የተመረጠው እርጥበትንና ምስጥን ስለሚቋቋም ነው፤ የሸምበቆው ጥልፍ ደግሞ በዚያ ሙቀት አየር ያሳልፋል። ሥራው ለአንድ ፋብሪካ ሳይሆን ለልዩ ልዩ የአካባቢው አናጺዎች ተከፋፈለ። ስለዚህ አንድ ዓይነት የሚባሉ ሁለት ወንበሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የአንዱ እግር ወፈር፣ የሌላው ክንድ ማሳረፊያ ሾጠጥ ብሎ ይገኛል። እኔ የወንበሮቹን ውበት የማየው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው፤ ንድፉን ያነበበው የአናጺው እጅ እዚያ ላይ ይታያል።

ዓመታት አለፉ። ጥልፉ ተበጠሰ፤ እግሩ ላላ። ቢሮዎቹ አዲስ ዕቃ ገዙ፤ አሮጌው በሰገነትና በግቢ ጥግ ተከመረ፤ ከዚያም የሚወገድ ንብረት ተብሎ በመንግሥት ጨረታ በቁርጥራጭ እንጨት ዋጋ ተሸጠ። በዚህ ጊዜ ዋጋቸውን ያወቁ የፓሪስ ነጋዴዎች ደረሱ። እውነቱን መናገር አለብን፤ እነሱ ባይገዟቸው ኖሮ ብዙዎቹ ማገዶ ይሆኑ ነበር። ግዢያቸውም ሕጋዊ ነበር። በ1972 የወጣው የሕንድ የቅርስ ሕግ በመሠረቱ የሚጠብቀው 100 ዓመት የሞላውን ዕቃ ነው፤ በ1950ዎቹ የተሠራ ወንበር ደግሞ ለዚያ ክብር ገና የግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ይቀረው ነበር። ሕንድ በኋላ ጨረታዎቹን ለማስቆም ስትጠይቅ የተሰጣት መልስ ይኸው ነበር፦ የሸጠው የራስሽ መንግሥት ነው።

በ2011 የሕንድ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የከተማዋ ታሪካዊ ዕቃዎች እንዳይሸጡና ከአገር እንዳይወጡ አዘዘ። ቆጠራም ተደረገ፤ ከ12 ሺህ በላይ ዕቃዎች ተመዘገቡ። መልካም ነው። ነገር ግን ቆጠራው ሽያጩን መቅደም ነበረበት። የንብረት መዝገብ የያዘ አንድ ሠራተኛ ከመለያ ቁጥሩ አጠገብ ማን እንደነደፈውና የትኛው አናጺ ቤት እንደሠራው ጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ያን ወንበር «አሮጌ» ብሎ ለመሰረዝ እጁ ባልደፈረ ነበር።

ከጀርባው በቀለም የተጻፈው የመለያ ቁጥር ዛሬ የት እንደደረሰ ተመልከቱ። ወንበሩ እንዳይሰረቅ የተጻፈ ምልክት አሁን ዋጋ የሚያስጨምር የእውነተኛነት ማስረጃ ሆኗል፤ ስለዚህ አስመሳዮች እሱንም ይጽፋሉ። ብዙ ዕቃዎች ለገበያ ሲዘጋጁ ይፋቃሉ፤ አዲስ ቀለምና አዲስ ጥልፍ ያገኛሉ፤ የጸሐፊው ክርን ያለሰለሰው ቦታ ይጠፋል። አሜሪካዊቷ አርቲስት ኤሚ ሲግል ይህን ጉዞ ከሰብሳቢዎቹ ቤት ተነሥታ ወደ ኋላ፣ በጨረታና በመርከብ በኩል እስከ ቻንዲጋር ቢሮዎች ድረስ የሚከተል ፊልም ሠራች፤ በ2013 ፊልሙን ራሱን ለንደን ውስጥ በክሪስቲስ ለጨረታ አቀረበችው። ስለዚህ ገበያ ከተሠሩት ሁሉ ጥልቀት ያለው ምርመራ የእሷ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጨረታ ቤቶቹን የምጠይቀው ሽያጩን እንዲተዉ አይደለም። የዣንረን ስም በትልቁ ሲያትሙ ከሥሩ አብረውት የነደፉትን ሕንዳውያን እንዲጽፉ፣ በአካባቢው አናጺዎች መሠራቱን እንዲገልጹ፣ በእድሳት ጊዜ ምን እንደተለወጠ ለገዢው እንዲያሳውቁ ነው። ከከተማዋ የምጠብቀው ደግሞ ገና በቢሮዎቿ ውስጥ በሥራ ላይ ያሉትን ወንበሮች እዚያው እየጠገነች፣ ሰው እየተቀመጠባቸው እንድታቆይ ነው። ሸምበቆ የሚጠልፍና እንጨት የሚጠግን እጅ በከተማዋ አለ፤ የሚቀረው ይህን ሥራ በቋሚ በጀት መያዝ ነው።