ለእንግሊዝኛ ፈተና አስጠኚ ስለ መምረጥ

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)




በሳሊተ ምሕረት አካባቢ የሚኖርና ልጁን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ወላጅ መምህር ሲያገኝ «እባክዎ፣ ለልጄ እንግሊዝኛ የሚያስጠና ሰው ይፈልጉልኝ» ማለቱ የተለመደ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በየመብራት ምሰሶው የተለጠፈው ማስታወቂያም፣ ደላላውም፣ የቴሌግራሙ ገጽም አስጠኚ ሞልቷል ይላሉና። ይሁንና አስጠኚ ማግኘትና ለልጁ የሚስማማውን አስጠኚ መምረጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የወላጁ ሥጋት ከንቱ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ እንግሊዝኛ እንዲሆን ወስኗል። ስለዚህ ቋንቋው የከበደው ልጅ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም፣ ጂኦግራፊውም አብረው ይከብዱታል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ይህን የሰማ ወላጅ ቢደናገጥ አያስደንቅም።

የተደናገጠ ወላጅ ግን ፈተናው ሁለት ወር ሲቀረው የአሮጌ ፈተና ወረቀት ተሸክሞ የሚመጣውን አስጠኚ ይቀጥራል። ልጁም የአንዱ ጥያቄ መልስ «ሐ» መሆኑን ያጠናል፤ ስለምን «ሐ» እንደሆነ ግን አያውቅም። አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በአማርኛ «ነገ እመጣለሁ አለኝ» ስንል የተናጋሪውን ቃል እንዳለ እናስቀምጣለን። በእንግሊዝኛ ግን ንግግሩ ወደ ሌላ ሰው ሲዛወር «እኔ» ወደ «እሱ» ይለወጣል፤ የግሡ ጊዜም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ «ነገ» እንኳ «በማግሥቱ» ይሆናል። ልጁ የሚሳሳተው በገዛ ቋንቋው ሥርዓት ስለሚያስብ ነው። ይህን ልዩነት የሚያስረዳው አስጠኚ ካገኘ በአንድ ሰዓት ብዙ ጥያቄ ይፈታለታል፤ ካላገኘ ግን መቶ ወረቀት ቢሠራ ስሕተቱ አይለቀውም።

ስለሆነም ወላጅ ሲጠይቀን አስጠኚውን በመጀመሪያው ሰዓት ሥራው እንዲመዝን እንምከረው። ብቁ አስጠኚ ከልጁ የባዮሎጂ ወይም የታሪክ መጽሐፍ አንድ ገጽ ያስነብበዋል፤ የተረዳውን በአማርኛ እንዲናገር፣ ከዚያም አምስት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ ያደርጋል። ብሔራዊ ፈተናው ከተሰጡ አማራጮች መልስ በመምረጥ የሚሠራ ቢሆንም፣ የልጁ ድካም የት እንዳለ የሚታየው በጽሑፉ ነው። ከዚያም አስጠኚው ያየውን ለወላጁ በግልጽ ይነግራል። ልጁን ሳያይ ዋጋ የሚቈርጥና ውጤት አረጋግጣለሁ የሚል ግን ሊታመን አይገባውም። ጥናቱም በ12ኛ ክፍል መጨረሻ ሳይሆን በ9ኛ ክፍል ቢጀመር ይመረጣል፤ የማንበብ ልማድ በሁለት ወር አይገነባምና።

አሁን የራሳችንን ጉዳይ ላንሣ። መምህር በክፍሉ የሚያስተምረውን ልጅ ማታ በገንዘብ ሊያስጠና አይገባም እላለሁ። የኑሮ ውድነቱ፣ የቤት ኪራዩ፣ የደመወዙ ማነስ ከማናችንም የተሰወረ አይደለም፤ መምህሩ በትርፍ ጊዜው ሠርቶ ቢያገኝም ነውር የለበትም። ነገር ግን ከፋይ ተማሪና የማይከፍል ተማሪ በአንድ ክፍል ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ መምህሩ ምንም ያህል ቅን ቢሆን የሚሰጠው ማርክ ይጠረጠራል። ከዚህም የሚብሰው፣ ጠዋት በክፍል መሰጠት የሚገባው ማብራሪያ ለማታ የሚቈይ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ የድኻው ልጅ መብቱን አጣ ማለት ነው። መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ የራሳችንን ተማሪ በሌላ ትምህርት ቤት ወዳለ ባልደረባ እንላክ፤ እሱም የእሱን ወደ እኛ ይላክ።

ለአስጠኚ የሚከፍል ወላጅ የሌላቸውስ? አራት ወይም አምስት ልጆች በሳምንት ሁለት ቀን በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ተሰብስበው፣ አንዱ ጮክ ብሎ እያነበበ፣ ሌሎቹ እየጠየቁ አንድ ሰዓት ቢያነቡ ብዙ ይጠቀማሉ። ከእኛ የሚፈለገው አብሮ የሚቀመጥ አንድ መምህር ነው። በየትምህርት ቤቱ ያለን አባላት ይህን ሰዓት በተራ ለመሸፈን ዛሬውኑ ስም ዝርዝር እንድናወጣ ሐሳብ አቀርባለሁ።